እጀታው ላይ የቀረ ዶቃ

ነፍሱን ይማረውና፣ ከዘርአብሩክ ጋር በቅጡ የተዋወቅነው በጠብ ነው። ጋምቤላ ክልል በሆነች በሁለተኛው ዓመት፣ በአቦቦ መንገድ ላይ ባለች አንዲት የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተመደብኩ። እሱ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የኤሌክትሪክ ቦርዱ ከሌላ አሮጌ ፋብሪካ ተነቅሎ ሲመጣ አብሮ የመጣ ወሎዬ ነው፤ ቦርዱ እሱን ያምጣው እሱ ቦርዱን ያምጣው፣ የሚያስታውስ አልነበረም።

ቦርዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥቁር ብረት ነው። መሃሉ ላይ ክንድ የሚያህል እጀታ አለው። ወደ ላይ ሲገፉት የመዳብ ምላሶቹ ቦታቸው ይገባሉ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ይረጫል፣ ማሽኖቹ ሁሉ ባንዴ ይነሳሉ። መቆለፊያ የለውም። «ሰው አለ፣ እንዳይበራ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍም ከሠራተኛው ግማሹ አማርኛ አያነብም። ስለዚህ ዘርአብሩክ የራሱን ሥርዓት አበጀ፤ ማሽን ለማጽዳት የሚገባ ሁሉ ከላዩ አንድ ዕቃ አውልቆ እጀታው ላይ ይሰቅላል። ሲወጣ ራሱ ያነሳል። የሌላ ሰው እጅ አይነካውም።

ይህን ሥርዓት የጣሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱ ዘርአብሩክ። አንድ ቀን ጥዑመልሳን የሚባል ባልደረባው ሻርፑን ረስቶ ወደ ቤቱ የሄደ መስሎት፣ ሻርፑን አንስቶ አበራ። ጥዑመልሳን ቀኝ እጁን አጣ። ከዚያ ወዲህ ዘርአብሩክ ሲስቅ አይቻለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ቦት የሚባል የኑዌር ጎልማሳ ሰማያዊ ዶቃውን ሰቅሎ የማሽኑን ጥርሶች ሲያጸዳ፣ በኢታንግ በኩል ተኩስ ተነሳ ተባለ። ሠራተኛው ተበተነ። ቦትም ዶቃውን ሳያነሳ ኢታንግ ወዳለችው እናቱ ሮጠ። ነገሩ ሲበርድ ሁሉም ተመለሰ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። መንገድ ላይ ከወደቁት አንዱ ነው አሉ፤ ሬሳውን ያየ ግን የለም።

ጥጡ ሜዳ ላይ ተቆልሏል፣ ዝናቡም ደርሷል። ማሽኑን ፈታትተን አየነው፤ ውስጡ ማንም የለም።

«ያብሩት» አልኩት።

«ባለቤቱ ሳያነሳው አላበራም።»

«ጋሽ ዘርአብሩክ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ!»

«ሞቷል የሚለኝ የእሱ ሰው ይሁን። እኔ አንዴ በግምት አንስቻለሁ።»

ደሜ ፈላ። እስከ ሰኞ ካላበራ ከሥራ እንደሚሰናበት ደብዳቤ ጻፍኩለት። አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና በጭነት መኪና ኢታንግ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ከቦት እናት ጋር መጣ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ የገበያ አማርኛ ትችላለች። ሠራተኛው በሙሉ ቆሞ ያያል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ የማስበው ስለ ጥጡ ነበር።

ዶቃውን ከመንካቷ በፊት ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ልጄ ውስጥ አለ?»

«የለም እናቴ፤ ራሴ ገብቼ አይቻለሁ» አላት ዘርአብሩክ።

«ቤት የለም። መንገድ የለም። እዚህ የለም።»

እጇን ሰዳ ዶቃውን አነሳችና በመዳፏ ጨበጠችው። ያኔ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጮኸች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይመጣል ብላ ስትጠብቀው እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። ሞቱን በገዛ እጇ እንድታረጋግጥ ያመጣናት እኛ ነን።

«ያብሩት» አልኩ፣ እኔ ልበ ደንዳናው።

ዘርአብሩክ እጀታውን ገፋው። ማሽኖቹ ተነሱ። የሴትየዋ አፍ ሲከፈት ይታያል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ዞር ብሎ አያት። ወዲያው በሁለት እጁ እጀታውን ጎትቶ አወረደው።

«ትጩህ» አለኝ። «ልቅሶዋን ስትጨርስ አበራለሁ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሠራተኛውም አንድ በአንድ ተቀመጠ። እኔም የማደርገው ሲጠፋኝ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለ። ጥጡን ለመሸፈን የተነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔም ተነሱ አላልኩም።