ሙያዬን ለኮሚቴ ያስረከብኩበት ክረምት

ቦንጋ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመጋቢነት ኮሚቴ የተቋቋመ ዕለት እኔም እንደ ሰው አጨብጭቤአለሁ። ጊዜያችንን፣ ተሰጥኦአችንንና ገንዘባችንን እግዚአብሔር በሚወደው መንገድ እንድንጠቀም ሊያስተምረን ነው የተባለው። የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠናው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ገንዘብ አታባክኑ የሚል ግድግዳ የሚያክል ባነር ጅማ ድረስ ተልኮ ታተመ። ሰብሳቢያችን የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ «ኳርተር» ሳይሉ ጸሎት እንኳ አይዘጉም።

ቀጥሎ ቅጽ ታደለን። እያንዳንዱ ምእመን ተሰጥኦውን ጽፎ ያስረክባል፣ ኮሚቴው ደግሞ እያየ ይመድበዋል። እኔ አናጺ ነኝ። ዝናብ በማያባራበት በዚህ አገር ጣሪያ ስመታ ነው ያረጀሁት። «አናጺነት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና እስክጠራ መጠበቅ ጀመርኩ።

አጥር የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት። እኔ «እትዬ» ነው የምላት። ሰኔ ሲገባ የቤቷ ቆርቆሮ ዝጎ መኝታዋ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ጣሪያው ካልተጠገነ ዋጫ ወዳገባችው ልጇ መሄዷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ አማች ቤት ጥገኛ መሆን ደግሞ ከምንም በላይ ያስፈራታል።

ሥልጠናው አልቆ ባነሩ ዕቃ ቤት መጣሉን ስትሰማ፣ ከአልጋዋ በላይ እንድትወጥረው እንዲሰጧት ጠየቀች። ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። ከዚያ ሰብሳቢው ቤቷ ድረስ መጥተው፣ «እትዬ፣ ባነሩ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ስለሆነ አይቻልም። የርስዎን ጉዳይ ግን በሚቀጥለው ኳርተር ፕላን ውስጥ አስገብተነዋል» አሏት። ዝናቡ ፕላናቸውን ያነበበ ይመስል።

እንደዚያ ቀን ሰው ንቄ አላውቅም። ለሚስቴ አወራሁ፣ ሺሺንዳ ገበያ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ አወራሁ። ለራሷ ለእትዬም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አወራላት ነበር። መሰላሌ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ይቆማል፤ እሱ ላይ ክንዴን አሳርፌ፣ «እኔ እኮ ተመዝግቤያለሁ፤ የማይመድቡኝ እነሱ ናቸው። ሳይመድቡኝ ብገባ ደግሞ ኮሚቴውን ናቀ ይሉኛል» እላታለሁ። እሷ ሌሊት የሞላውን ባልዲ እየደፋች ትሰማኛለች።

ነሐሴ ላይ የጓዳዋ ግድግዳ ርሶ ተናደ። ልጇ ከዋጫ መጥታ ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ጫነች። ልሰናበት ወጥቼ አፌን የከፈትኩት ግን ስለ ኮሚቴው ዝርክርክነት ነበር።

«ተው እንግዲህ» አለችኝ። «እነሱ መዶሻ እንኳ መያዝ አይችሉም። እኔ ክረምቱን ሙሉ ዓይኔ አንተ ላይ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልጠየቅኩህ።»

ሳትቆጣ ነው ያለችኝ። ጉንጬን ስማኝ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ቤቷ ባዶውን ከቀረ በኋላ መሰላሌን አንስቼ ጣሪያዋ ላይ ወጣሁ። መቀየር የነበረበት ሦስት ቆርቆሮ ብቻ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ።