ሳይሰምር የተከፈለ ስለት

ሹም አቦ በሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አሉ። በአንደኛው የብርጓል ከልጇ ከኪዲ ጋር ትኖራለች። በሌላኛው ሐፍሳ ትኖራለች፤ ሟች ባሏ ዓሣ አስጋሪ ነበር፣ እሷም እስከ ዛሬ ለአስጋሪዎች መረብ ትጠግናለች። ምሽት ላይ፣ የሐይቁ ነፋስ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር፣ ሐፍሳና ሌሎቹ የሰፈር ሴቶች ወደ የብርጓል ቤት ይገባሉ። ቴሌቪዥኑ ያለው እዚያ ነዋ!

የሚያዩት ከቱርክ መጥቶ በአማርኛ የሚነገር ረጅም ድራማ ነው። ነርሚን የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ የአባቷን ወፍጮ ቤት ከአጎቷ ከሩስተም እጅ ለማስመለስ ትታገላለች። የመክፈቻው ዘፈን ሲጀምር የብርጓል ከአልጋዋ ሥር ወዳለችው ገንቦ ጎንበስ ትላለች። ገንቦዋ እርጥብ አሸዋ ተሞልታለች፤ መብራት መጣሁ ሄድሁ ስለሚል ኢንሱሊኗን ለፍሪጅ አታምንም። ሴቶቹ ሳይነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«በስመ አብ» ትላለች የብርጓል፣ ሆዷን ገለጥ አድርጋ።

«ቢስሚላህ» ትላለች ሐፍሳ፣ ከጀርባዋ።

ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌውም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ ራት ይቀርባል። መብራት በጠፋ ምሽት እንኳ ሐፍሳ ሰዓቱን ጠብቃ ዘፈኑን በአፏ ታንጎራጉረዋለች፤ የቱርክኛውን ቃል እንደመጣላት ነው የምትለው። ሴቶቹ እየሳቁ ይዞራሉ፣ የብርጓልም ትወጋለች። እንዲህ ሆኖ ዓመት አልፎ ነበር፣ ማንም ልብ ሳይለው።

የብርጓል ከዚህ በፊት ወጥ ቤት ነበረች። በሐይቁ ዳር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሳ፣ የዓሣ ጉላሽ ሠርታ ነው ኪዲን ያሳደገቻት። ስኳር እንዳለባት ካወቀችም በኋላ ሥራዋን አልተወችም። አንድ ቀን ግን የጋለ ዘይት እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ ቆማ ዓሣውን መገልበጧን ቀጠለች። የጮኸችው አጠገቧ ሰላጣ የምትከትፈው ልጅ ናት። የብርጓል ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ ስታይ አውራ ጣቷ ተልጧል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ከቃጠሎው ይልቅ ያስደነገጣት ይህ አለመሰማቱ ነው። «መቆም ይብቃሽ» አሏት ሐኪሞቹ፤ የማረፊያውም ባለቤት በመልካም ቃል አሰናበታት።

ቤት ስትውል እናቷ ያስተማረቻትን ፈትል አነሳች። ጥጡን ትነድፋለች፣ እንዝርቱን ታሾራለች፣ ልቃቂቱን ለሸማኔው ለገድሉ ትሰጣለች። ድራማው ሲጀምር ጣቶቿ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ክሩ የሚበጠሰው ሩስተም ብቅ ሲል ነው።

«ይች ልቃቂት ቋጠሮ በዛባት» ይላል ገድሉ፣ ክሩን በጣቱ እየዳበሰ። «ምነው፣ ወፍጮ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ዝም በል፣ አንተ! አንተም በመስኮት ስታይ ነበር» ትለዋለች።

ኑሮዋ እንዲህ መልክ ይዞ ሳለ ቁስሉ አልድን አለ። አንድ ቀጠሮ ላይ ወጣቷ ሐኪም ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን ዙሪያውን መረመረችው።

«እማማ፣ አልዋሽዎትም» አለች በመጨረሻ። «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ መድረቅ ካልጀመረ፣ ወደ ላይ ሳይወጣ ጣትዎን ልንቆርጠው ነው።»

የብርጓል ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ አልሄደችም። እያነከሰች ቀጥታ ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ከደጀ ሰላሙም ተንበረከከች። ሌላ ሰው ቢሆን ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ ይሳላል። እሷ ግን የምትወደውን መስጠት ፈለገች፤ ከልጇና ከእምነቷ ቀጥሎ የምትወደው ምን እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። መልሱ ፈጥኖ መጣላት፤ በመፍጠኑም አፈረች።

«አቡዬ፣ እግሬን ብታተርፍልኝ ድራማውን እተውልሃለሁ» አለች።

ስለት እንግዲህ ሥርዓት አለው። ሰው ይሳላል፣ ይጠብቃል፣ ሲሰምርለት በእልልታ ያስገባል። የብርጓል ግን መጠበቅ ንፍገት መሰላት። ጻድቁን እንደ ነጋዴ፣ መጀመሪያ ዕቃህን አሳየኝ ትበል? የዚያኑ ዕለት ማታ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነችው።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?» አለች ሐፍሳ፣ መረቧን በብብቷ ይዛ ከበሩ ቆማ።

«እኔ ነኝ የተውሁት። ተስያለሁ።»

«ዛሬ? ነርሚን ፍርድ ቤት በምትቀርብበት ቀን?»

«ስለት ቀን ይመርጣል እንዴ?»

ሐፍሳ ነጠላውን አየችው፤ ሬሣ የተሸፈነ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሽ እንግዲህ። በስለት አይገባም» ብላ ተመለሰች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሌላ ቤት ፈለጉ።

በባዶው ምሽት የብርጓል ወደ ሠርክ ጸሎት መሄድ ጀመረች። ደስ አላት፤ መዝሙሩ፣ ትምህርቱ፣ የሰዉ «አሜን» ማለት አጽናናት። ከሰው እኩል እቆማለሁ ብላ በዚያው ባልዳነ እግሯ ትቆማለች። ቤት ስትመለስ ድካም ይጥላታል፤ ራቷን ቀመስ አድርጋ ትተኛለች። ኪዲ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት አምሽቶ ስለሚዘጋ ስትገባ እናቷን ተኝታ ታገኛታለች። እንዝርቱ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ገንቦዋም ማታ ማታ ጎንበስ የሚልላት አጣች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሐፍሳ ጨው ልትዋስ ብትገባ የብርጓል ከመደቡ ተደግፋ፣ የውኃ ጆግ በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች። ዓይኗ ፈዟል።

«የብርጓሌ፣ ምነው? መርፌሽን ወጋሽ?»

«ጠዋት... አዎ፣ ጠዋት ወግቻለሁ።»

«የማታውንስ? ትናንት ማታስ?»

የብርጓል አሰበች። የትናንቱ ስብከት ትዝ አላት፤ ዝናቡ ትዝ አላት፤ መርፌው ግን አልታወሳት አለ። ከዚያ በፊት የነበረውም ማታ እንዲሁ።

ሐፍሳ ለኪዲ ስልክ ደወለች። ኪዲ በባጃጅ በርራ መጣች፤ የእናቷን ጣት ወግታ መለኪያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ያን ምሽት ሐኪም ቤት አደሩ።

በማግሥቱ ሐፍሳ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከአጥሩ በር ላይ ቆማ የየብርጓልን የንስሐ አባት መምሬ ወልደ ገብርኤልን አስጠራች።

«መምሬ፣ ልጅዎን ይያዙልኝ» አለቻቸው። «ለጻድቁ ብላ ድራማውን ትታ፣ መርፌዋንም አብራ ተወችው። ዘፈኑ ነበር እኮ ሰዓቷ! እኛ ሁላችን እያየን አላወቅንም። እኔ እንኳ፣ ዓመት ሙሉ ቢስሚላህ ስል የኖርሁት!»

መምሬ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጧት። «አንች ልጅ፣ ተባረኪ» አሏት። የብርጓል ከሐኪም ቤት እንደወጣች ቤቷ ድረስ መጡ። መስቀል አሳልመዋት ተቀመጡ፤ በነጠላ የተሸፈነውንም ቴሌቪዥን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ስለት መቼ ነው የሚገባው?»

«ሲሰምር ነው፣ አባቴ።»

«እግርሽ ድኗል?»

«ኧረ አልዳነም።»

«ታዲያ ያልተቀበልሽውን የምትከፍይ፣ ጻድቁን ባለዕዳ ልታደርጊያቸው ነው?»

የብርጓል ደንግጣ አማተበች። «ኧረ በስማም! እኔ እንኳ ንፉግ እንዳልሆን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ከደግነት የመጣ ስሕተት ነው፤ ግን ስሕተት ነው። በዚያ እግር መቆምም ማንም አላዘዘሽም፤ ተቀምጦ የጸለየን እግዚአብሔር ይሰማዋል። ይልቅ እስኪሰምር ድረስ ነጠላውን አንሽው። ዘፈኑ ሲመጣ መርፌሽን ውጊ። በሰመረ ጊዜ ስለትሽን ታስገቢያለሽ።»

በዚያው ምሽት ሴቶቹ ሁሉ ተመልሰው መጡ። ያለፈውን ሊነግሯት በአንድ ጊዜ ስለተንጫጩ፣ በፍርድ ቤት ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ቀናት ፈጀባት። ሐፍሳ «ቢስሚላህ» ስትል ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አለችው። ያች ሐኪምም የቀጠሮውን ቀን ገፋ አድርጋ «እስኪ እንየው» አለች።

ቁስሉ ቀስ በቀስ ጠርዙ መጠጋት ጀመረ። የክረምቱ ጭቃ አልፎ፣ ሰፈሩ ሁሉ አደይ ባየበት ሰሞን ሐኪሟ ፋሻውን ፈትታ ሳቀች። «ጣትዎ የእርስዎ ነው» አለች። «ስኳሩ ግን አብሮዎት ይኖራል፤ መርፌዋን እንዳይተዋት።»

የብርጓል አለቀሰች፣ ሐኪሟንም መረቀች። ከግቢው ስትወጣ ግን እርምጃዋ እየዘገየ ሄደ። ነርሚን ወፍጮ ቤቱን አስመልሳ ልትዳር ነው፤ ሩስተም ደግሞ ከእስር አምልጧል።

«እማ፣ ሌላ ነገር ስጭ» አለቻት ኪዲ፣ ክንዷን ይዛ። «ጃንጥላ እኔ እገዛልሻለሁ። ያማረ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ።»

መምሬ ወልደ ገብርኤልም ያንኑ አሏት። «ድካምሽን አውቃለሁ። በሌላ ልለውጥልሽ እችላለሁ፤ አይከብደኝም።»

የብርጓል ወደ እግሯ አየች። ጫማ ውስጥ ከገባ ስንት ጊዜው! «አይ፣ አባቴ» አለች። «ጻድቁ ሌላ ጣት አልሰጡኝም፤ የለመንኋቸውን ነው የሰጡኝ። እኔም ያልሁትን ነው የምሰጥ።»

«መርፌውስ?»

«እሱን አስቤበታለሁ።»

ቴሌቪዥኑን እሷና ኪዲ ተሸክመው ወደ ሐፍሳ ቤት አስገቡት፤ የጋራውን ግድግዳ አስጠግተውም አስቀመጡት። ሐፍሳ በእንግድነት የመጣ ሽማግሌ ይመስል ሥሩን ሁለት ጊዜ ጠረገችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈኑ በግድግዳው አልፎ ይመጣል፤ የብርጓል ወደ ገንቦዋ ጎንበስ ትላለች፤ ከማዶ «ቢስሚላህ» የሚል ጩኸት ይሰማል። ወዲያው ሐፍሳ ድምፁን ትቀንሰዋለች፤ የብርጓልም ራቷን በልታ እንዝርቷን ታነሳለች።

ድራማው ሲያልቅ ሐፍሳ መረቧን ይዛ ብቅ ትላለች። የድራማውን ታሪክ እንዳትነግራት የብርጓል አስምላታለች። ግን አንድ ነገር ትጠይቃታለች፤ የሚያውቁትን ሰው ደኅንነት መጠየቅ ነውር የለበትምና።

«ነርሚን ደኅና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናት።»

«ተመስገን» ትላለች የብርጓል፣ ክሯን እየሳበች።

ትናንት ማታ ግን ይህን ስትጠየቅ ሐፍሳ ተቀመጠች፣ መረቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ዓይኗን አሸሸች።

«ምነው?» አለች የብርጓል፣ እንዝርቱን አቁማ። «አንች! ምን ሆነችብኝ?»

«ትንሽ... አሟታል።»

«ምኗን?»

«አልነግርሽም። ስለትሽን በእኔ አፍ አታፈርሽም።»

የብርጓል ከንፈሯን መጠጠች። ጥቂት ፈተለች፤ ክሩ ተበጠሰ፤ ቀጠለችው፤ ደግሞ ተበጠሰ።

«እንግዲያ ነገ ስታያት» አለች በመጨረሻ፣ «የሐኪሞቹን ቃል ትስማ በያት። መድኃኒቷን በሰዓቷ ትውሰድ። የቀረውን ለፈጣሪዋ ትስጠው።»

«ቱርክ አገር ድረስ ጮኬ?»

«ጩሂላት እንጂ! በእኔ ግድግዳ ላይ ትጮሂ የለ?»

ሐፍሳ ሳቋ ፈንቅሏት መረቡን ፊቷ ላይ አደረገች። የብርጓል ግን አልሳቀችም፤ በልቧ ለነርሚን አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገመችና የተበጠሰውን ክር መቀጠል ያዘች።