ድምፅ የነሳኋት ማኪና

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጋራዡ ውስጥ የአንዲት አሮጌ ማኪና ጭስ ማውጫ ፈትቶ አወረደ። እነሱ ካታሊስት የሚሏት ጭስ ማጣሪያ ተደፍና ኖሮ ሊቀይራት ነው። ቱቦው ሳይገጠም ሞተሩን ልሞክር ብሎ አስነሳት። እኔ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቅ ነበር። ያ ክፍት ጩኸት ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው፣ የተቃጠለ ዝገት ሽታ ሲመጣብኝ፣ ሳላስበው ብድግ ብዬ "ሽሽ!" አልኩ። ልጄ ሳቀብኝ። "አባዬ፣ ከማን ነው የምሸሸው?" አለኝ። ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ለአንተ ግን ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከፒያሳ ወረድ ብሎ የራሴን ትንሽ ጋራዥ ከፍቼ ነበር። ብየዳዬ በጎንደር ይወራለት ነበር። እኔም ይህን ስለማውቅ ኮራ እል ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሰው ሊያስር የሚሄድባት አሮጌ ጂፕ ነበረች። ጭስ ማውጫዋ ላይ ያለው ማርሚታ ተበሳስቶ ድምፅ ማፈኑን ካቆመ ቆይቷል። ወደ ሰፈራችን የሚያወጣውን ዳገት ስትጀምር ማጓራቷ ገና ከሩቅ ይሰማል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ጭጭ ይላል፤ ቀጥሎ በየጓሮው የድንጋይ አጥር የሚዘልል እግር ትሰማለህ። እሷ ዳገቱን እስክትጨርስ የሚፈለገው ልጅ ወንዙን ተሻግሯል።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ጓደኛዬ ነበር። አስተማሪ ነው፤ ከጋራዤ ሦስት ቤት አልፎ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ዘብ የሚቆሙለት እናቱ ነበሩ። "የዚያችን ማኪና ጉሮሮ አዘዞ ብትሆን እለየዋለሁ" ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ጂፗ ራሷ እኔ ዘንድ መጣች። "ይህች ማኪና መሳቂያ አደረገችን" አለኝ ሊቀመንበሩ። "ሁለተኛ ድምፅዋ እንዳይሰማ። ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ።" ሹፌሩን ትቶልኝ ሄደ። ሹፌሩ የወገራ ሰው፣ ጠና ያለ፣ ዝምተኛ ነበር።

ከሥሯ ገብቼ ብሎኖቹን ስታገላቸው ጥላሸቱ ፊቴ ላይ ረገፈ። ማርሚታውን አውርጄ ወደ ብርሃን ሳወጣው እጄ ቀጥ አለ። ዝገት የበላው ብረት ጠርዙ ይሳሳል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። የእነዚህ ቀዳዳዎች ጠርዝ ግን ወፍራም፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። በመሮ የተመቱ ናቸው። ቀና ብዬ ሹፌሩን አየሁት።

"አያ፣ ይህ እኮ ዝገት አይደለም።"

ወደ በሩ ዞር ብሎ ተመለከተ። "ዝገት ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። ትንሽ ቆይቶም፣ "ሥራህ ሸጋ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ምነው ይችን እንኳ ሸጋ ባታደርጋት?"

ሊቀመንበሩን ፈራሁ። በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስ ሄጄ መንገድ ዳር ተገልብጦ ከቀረ የጭነት ማኪና ላይ ማርሚታ ቆርጬ አመጣሁ። ለጂፗ ሲረዝም አሳጠርኩት፤ አፉን አጠበብኩት። ፍርሃት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ለፍርሃቱማ በወሩ የሚፈታ ጥገና ይበቃው ነበር። እኔ ግን ሥራው አንዴ ከያዘኝ ሁሉን ረሳሁ። መጋጠሚያውን ሁለት ጊዜ አፍርሼ በየድኩ፤ ጣቴ አንድም ሻካራ ቦታ እስኪያጣበት ድረስ ሞረድኩት። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነስቶ እንኳ ጣሪያው ላይ ያሉ እርግቦች ድምፅ ይሰማ ነበር። "ጎበዝ! አብዮታዊ እጅ ነው!" አለኝ ሊቀመንበሩ። ደስ አለኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ደስ አለኝ። ሹፌሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ገብቶ ነዳ።

ለጓደኛዬ ልነግረው አስቤ ነበር። ግን "እኔ ሠራኋት" ብሎ መጀመር አቃተኝ። ነገ እያልኩ ሁለት ቀን አለፈ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። እሱ ጓሮ ፀጉሩን ይታጠባል፤ እናቱ ቤት ውስጥ ምስር ይለቅማሉ። ጂፗ በደጄ ስታልፍ የሰማሁት ጎማዋ ጠጠሩን ሲጨፈልቅ ብቻ ነው። ልጣራ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ሲመለሱ ከኋላ አስቀምጠውት ነበር፤ የሳሙናው አረፋ አንገቱ ላይ ገና አልደረቀም። ሲያየኝ ሰላም ሊለኝ እጁን ሊያነሳ ሞከረ። ታስሮ ነበር።

በዚያው ቀረ።

እናቱ ማንንም አልወቀሱም። "ጆሮዬ ነው የከዳኝ" አሉ። ሆስፒታል ሄደው ሐኪሙ ጤነኛ ነዎት ቢላቸውም አላመኑትም። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያናግራቸው "እስኪ ጮክ በል፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ" ይሉ ነበር። እኔም በየቀኑ እየጮኽኩ ሰላም እላቸው ነበር። ስንት ዓመት!

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሄጄ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "እማማ፣ ጆሮዎ ደኅና ነበር። ማኪናዋን ድምፅ የነሳኋት እኔ ነኝ።" ጮክ ማለት አልቻልኩም፤ በሹክሹክታ ነው ያልኩት። አንድም ቃል አላመለጣቸውም።

ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲያ ብትጮኽ ኖሮ እሰማ ነበር?"

"ይሰሙ ነበር።"

"አልተኛሁም እኮ። ምስሬን ነበር የምለቅመው…" ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

ልነሳ ስል የእጄን አንጓ ያዙኝ። ይቅር አላሉኝም፤ አልረገሙኝምም። "ቁጭ በል" አሉኝ። "ስለ እሱ የሚያጫውተኝ አጥቼ ነው የኖርኩ።"

ፀሐይ እስክትጠልቅ እሳቸው የማያውቁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ወንዝ ወርደን ስንዋኝ የሠራውን፣ ተማሪዎቹ ያወጡለትን ስም፣ የወደዳትን የሆስፒታል ነርስ።

"ሊያገባት አስቦ ነበር?" አሉኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። "አስቦ ነበር፣ እማማ" አልኳቸው።