ያልሄድኩበት ጉዞ ምስክርነት

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት የሚሰጠው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። የታመመው ይድንና ይመሰክራል። የጠፋው ልጅ ይገኝና እናቱ ማይክ ትይዛለች። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ከሌላው ሰው ይልቅ ቆጠብ የምል ነኝ። አባቴ ሳውላ ውስጥ የታወቀ ወጌሻ ነበር። የተሰበረ እግር ገጥሞ፣ አስሮ፣ ከሳምንታት በኋላ ሲፈታው እንኳ ሰውየው በገዛ እግሩ ግቢውን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ «ድነሃል» አይለውም ነበር። እጄንም አፌንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ያን ዓመት፣ ከኮሮናው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ምን ነክቶኝ ገና ያልሄድኩትን ጉዞ በጉባኤ ፊት እንደመሰከርኩ እስከ ዛሬ ሳስበው እበሳጫለሁ።

ሥራዬ እንደ አባቴ ነው፣ ሜዳ ላይ ወጣ እንጂ። ኮልፌ ውስጥ፣ ሲዘንብ ጭቃ ሲደርቅ አቧራ በሆነ ሜዳ ላይ ልምምድ የሚሠራ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ አለ፤ የእሱ ወጌሻ ነኝ። ሥልጠናውን ወስጄ ወረቀቱንም ይዣለሁ። ልጆቹ «ዶክተር» ይሉኛል፣ ግማሹ ለፌዝ። አንዷ ወድቃ ቦርሳዬን ይዤ ስሮጥ፣ ከዳር የተቀመጡት «ዶክተር፣ ቀስ በይ! አንቺን ማን ያነሣሻል!» እያሉ ይጮኻሉ።

ክለቡ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ያውቃል። ያኔ ከወንዶቹ ቡድን ወጌሻ ተውሰው ሄዱ። ቡድን መሪው «ለውጭ ወንድ ይሻላል፣ ሻንጣም ያነሣል» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ እግራቸውን ያሸሁላቸውን ልጆች ሌላ ሰው ሲያሻቸው በስልክ ቪዲዮ አየሁ። አተሻሸቱም ልክ አልነበረም።

ስለዚህ የጎረቤት አገር ክለቦች የሚገናኙበት ውድድር ላይ ክለባችን ሲጠራ ምንም አልጠበቅኩም ነበር። አሠልጣኟ ግን «እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም» አለች። ሳምንት ሙሉ ተከራከረች። በመጨረሻ የተጓዦች ስም ያለበት ደብዳቤ ሲወጣ ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ እኔም አለሁ። ፓስፖርት አወጣሁ። የቢጫ ወባ ክትባትም ተወጋሁ። ክንዴ ለሁለት ቀን አበጠ፣ እኔ ግን እብጠቱን እንኳ ወደድኩት።

ሐሳቤ ሄጄ ስመለስ መመስከር ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ ግን መድረክ መሪው «በእምነት የተቀበለ የለም? ገና በእጁ ያልገባውን እንደገባ ቆጥሮ የሚያመሰግን የለም?» እያሉ ሲጣሩ እግሬ ራሱ ተነሣ።

«ጌታ በር ከፍቶልኛል» አልኩ ማይኩን ይዤ። «‹ወንድ ይሻላል› የተባለበትን በር ነው የከፈተልኝ። ክለባችን ለውጭ ውድድር ይሄዳል፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ኳስ የዓለም ነው ለምትሉ፣ ጌታ እዚያም አለ።»

ይቺን የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም። እልልታው ሲነሣ ግን ደስ አለኝ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ጉባኤው ሲበተን አንዲት እናት በር ላይ ጠበቁኝ። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ትንሿ ልጃቸው ለእኛ ክለብ ሙከራ አድርጋ አሠልጣኟ ወድዳት ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ ብለዋል። እጄን ይዘው አለቀቁኝም።

«ቁምጣውም፣ መንገዱም ልቤን አልሞላውም ነበር» አሉኝ። «ግን ጾሜ ምልክት ለምኜ ነበር። ዛሬ አንቺ ስትነሺ ልቤ ዘለለ። ምልክቱ ይሄ ይሆን?»

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። «እኔ አላውቅም፣ እርስዎ ይጸልዩበት» ማለት ይቻል ነበር። ግን ልጅቷን ሜዳ ላይ አይቻታለሁ። ግራ እግሯ ኳስ ሲመታ ድምፁ ከሌሎቹ ይለያል። እንድትመጣ ፈለግኩ።

«ምልክት ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ?»

ሰኞ ልጅቷ መጣች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በግራ መስመር ከተከላካይ ተነሥታ እስከ ማዕዘኑ ትሮጣለች፣ ኳሷን ሲነጥቋት ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ እየሳቀች ትመለሳለች። ሳቋ አሠልጣኟን ያናድዳት ነበር።

«ሰርግ ቤት ያለሽ መሰለሽ?»

«አይ ኮች፣ መልስ ላይ ነኝ!» ትላለች እየሮጠች።

ለውጭው ውድድር ስሟ አልተመዘገበም፤ ጊዜው አልፎ ነበር። ለእሷ የታሰበው የአገር ውስጡ ጨዋታ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በኋላ የሚያስታውሰው ሰው ጠፋ።

ከዚያ ኮሮና ገባ። ሜዳው ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ፣ ታክሲዎች ሰው እያራራቁ መጫን ጀመሩ፣ በየሱቁ በር ባለቧንቧ ጀሪካን ቆመ። ውድድሩ ግን በመጀመሪያ «ተራዘመ» ነው የተባለው። ከነጭራሹ ቀርቷል ቢሉን ተቀምጠን አልቅሰን በተነሣን። ተራዘመ ሲሉን ጊዜ በየማለዳው በስልክ በምናደርገው የኅብረት ጸሎት ላይ «የእህታችንን ጉዞ ጌታ ያፋጥን» እየተባለ ተጸለየልኝ። እኔም አሜን እላለሁ። እናቴ ከሳውላ እየደወለች «ሄድሽ ወይ?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላለሁ። በሳምንቱ ትደውላለች። «ሄድሽ ወይ?»

አንድ ከሰዓት በኋላ ፋሻ አጥቤ ሽቦ ላይ ሳሰጣ ቡድን መሪው በቴሌግራም የደብዳቤ ፎቶ ላከልን። ወረርሽኙ፣ የተሳታፊዎች ደኅንነት፣ የዘንድሮው ውድድር ተሰርዟል። ከሥሩ የራሱን አውራ ጣት ምልክት አድርጎበታል። ምን ለማለት እንደሆነ ጌታ ይወቅ።

መሰረዙ ትክክል ነበር። ሰው እየሞተ ነው፤ በሰው ሞት ላይ ኳስ ይንከባለል የምል ሰው አይደለሁም። ግን ትክክል መሆኑ ንዴቴን አላበረደልኝም። ስናደድ የምጸልየው በአገሬ ቋንቋ ነው፤ ያን ቀን ብዙ ጸለይኩ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷ እናት ደወሉ። «ሰማሁ የኔ እህት። ጌታ ያጽናሽ» አሉ፣ ሰው እንደሞተብኝ። ቀጥለውም «ልጄንም አስቀርቻታለሁ» አሉኝ።

ልምምድ በትንሽ በትንሹ ሊጀመር ነው ሲባል ዓለም ባንክ ሄድኩ። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ እሳቸው ከበሩ ውስጥ፣ እኔ ደረጃው ላይ ቆመን ተነጋገርን።

«እትዬ፣ ውድድሩ የተሰረዘው በኮሮና ነው። ለሁሉም አገር ነው የተሰረዘው። ከልጅዎ ጋር ምን አገናኘው?»

«በሩን የከፈተልሽ ማን ነበር?»

«ጌታ ነው።»

«የዘጋውስ?»

መሸፈኛዬን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩ።

«ሰይጣን ነው እንዳትዪኝ ብቻ። ሰይጣን በጌታ በር ላይ ቁልፍ የለውም። ሲከፈት ምልክት ነው ብለሽኝ፣ ሲዘጋ ምንም አይደለም ልትዪኝ ነው?»

ከወጥ ቤት የልጅቷ ድምፅ መጣ። «እማ፣ እኔ እኮ እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንኳ የለሁም!»

«አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ!»

ደረጃውን ስወርድ መልስ አላጣሁም ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ። የያዝኩት ደብዳቤ ነበር፤ አንዲት አሠልጣኝ ተከራክራ ያስገኘችልኝ ደብዳቤ። ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ለማስለቀቅ ይህን መናገር አለብኝ። ግን ቃሉን የተናገርኩት በጉባኤ ፊት ነውና የምመልሰውም በጉባኤ ፊት ነው ብዬ ወሰንኩ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ፤ ነገር በሥርዓቱ ይሁን ባይ ነኝ። ለእሳቸው በጎን ተናግሬ እሑድ እሑድ ደግሞ ያው የተመሰከረላት እህት ሆኜ መቀመጥ ነውር መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት ወንበሩ ተራርቆ ጠበቀን። የምስክርነት ጊዜ ግን ቀርቷል፤ ማይክ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም ተባለ። መድረክ መሪውን ጠጋ ብዬ፣ ማለት ከሁለት ሜትር ላይ ሆኜ፣ ጠየቅኳቸው።

«ለሁለት ደቂቃ ብቻ ብናገር?»

«ለምስጋና ነው?»

«አይደለም። ለማረሚያ ነው።»

ሳቁ። «እህታችን፣ እሱማ እቤትሽ ተንበርክከሽ ነው የሚታረመው።»

«የተናገርኩት ግን በማይክ ነው።»

«እንግዲህ ማይኩ ታሟል» አሉኝ፣ ቸኩለውም ሄዱ።

ጠበቅኩ። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ። ሜዳው ተከፈተ፣ ጨዋታ ተጀመረ፣ በግራ መስመር አዲስ ልጅ መጣች። አሠልጣኟ «ያቺ ሳቂታዋስ?» ስትለኝ «ልትመጣ ነው» እላለሁ። አየህ አባቴ፣ አሁንም ሳይሆን አወራሁ። በየወሩ ወደ እናትየው እየደወልኩ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጬ እዘጋለሁ። በየእሑዱ ደግሞ ማይኩን አያለሁ፤ መድረኩ ላይ፣ አትሮንሱ ላይ ተሰክቶ፣ ለሰባኪው ብቻ።

ስምንት ወር ነው የጠበቅኩት። ምስክርነት ሲመለስ፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ አንዲት አስተናጋጅ ማይኩን በአልኮል እየጠረገች ለሚቀጥለው ትሰጥ ነበር። ሦስተኛ ሆኜ ተነሣሁ።

«ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ ጌታ ለጉዞ በር ከፈተልኝ ብዬ ነበር።»

«አሜን!»

«ውድድሩ ተሰርዟል። አልሄድኩም።»

«አሜን!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ከልማድ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ያኔ የያዝኩት ደብዳቤ ነበር። ምልክት ነው ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ጌታ እንዲያ አላለኝም። በእኔ ቃል ተነሥቶ የፈቀደ ወይም የከለከለ ሰው ካለ፣ በእኔ ቃል አይሁን።»

መድረክ መሪው የራሳቸውን ማይክ አነሡና «ጌታ እህታችንን ያጽናናት! ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚያ በሚበልጥ ይወስዳታል!» አሉ። «ይወስዳታል! አሜን!» አለ ጉባኤው፣ እልልታውም ቀለጠ። አይደለም፣ እንዲያ አላልኩም ልል ዞር ስል አስተናጋጇ ማይኩን ወስዳ መጥረግ ጀምራለች።

ከጉባኤው በኋላ እናትየው በር ላይ አገኙኝ።

«ለእኔ ነው የተናገርሽው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እና ያኔ ደረጃዬ ላይ ቆመሽ ብትነግሪኝ አይበቃም ነበር? ‹ከራሴ ነው ያወራሁት› ብትዪኝ በዚያው ቀን በለቀቅኳት። ጉባኤው ምን ያደርግልኛል?»

በሥርዓቱ እንዲሆን ፈልጌ ነው ልበላቸው? በውድድሩ መሰረዝ የተናደድኩትን ሁሉ ሰብስቤ ብመዝነው ያን ቀን በራሴ ላይ ከተናደድኩት አይደርስም። ኮሮና የወሰደብኝ ጉዞ ነው። የልጅቷን ስምንት ወር የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በጥንቃቄዬ።

ልጅቷ በዚያን ጊዜ ቤቴል አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ይዛለች። በማግሥቱ ሄድኩ። ስታየኝ «ዶክተር!» ብላ ከማሽኑ ኋላ ብድግ አለች።

«እናትሽ ፈቅደዋል። ነይ።»

«ነግራኛለች።» ወረቀት እየደረደረች ቆየች። «ብቻዬን ልሮጥ ሞክሬ ነበር። ሰፈራችን ዳገቷ ጋ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ። ቦታዬን ማን ያዘው?»

«አንድ ልጅ መጥታለች።»

«ጎበዝ ናት?»

ጎበዝ አይደለችም ብላት ትመጣ ይሆናል። «ጎበዝ ናት» አልኩ።

«ግራ ናት?»

«ቀኝ ናት። በግራ ትጫወታለች።»

«እና እንዴት አድርጋ ታሻማለች?» ብላ ሳቀች፣ ያንኑ ሳቋን። አንድ ሰውዬ መታወቂያ ይዞ ገባና «ፊትና ኋላውን» አላት። ሰጥታው ስትመለስ ሳቁ ጠፍቷል።

«እማዬ ስትከለክለኝ ቀላል ነበር» አለችኝ። «በእሷ እናደድ ነበር። አሁን ካልቻልኩ በማን ልናደድ ነው?»

«በእኔ ተናደጂ።»

«በአንቺማ ተናድጄ ጨርሻለሁ፣ ዶክተር።»

ሰኞ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ክለቡ ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ አልተጠራም፤ እኔም በጉዳዩ ላይ የምለው የለኝም። ቤቴል ስሄድ ሱቋ ጎራ እላለሁ፣ ስለ ኳስ ግን አናነሣም።

በቅርቡ የወሩን የልምምድ ሰሌዳ ላባዛ ሄድኩ። ለማሽኑ ከመስጠቷ በፊት ወረቀቱን አነበበችው፣ ከላይ እስከ ታች።

«ሰኞ አሁንም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«አንድ ሰዓት ነው።»

ሌላ ልጨምርበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሃያ ኮፒ ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ወይ አንዱን ለራሷ አስቀርታለች፣ ወይ ቆጠራው ተሳስቷታል፤ ቤት ገብቼ ስቆጥረው ዐሥራ ዘጠኝ ነበር። ደውዬ አልጠየቅኳትም።