ለሻሼ የመጣው ወተት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ ሳልነግረው ቀበርኩት። ለእናቴም ሳልነግራት አለፈች። የንስሐ አባቴ ፊት እንኳ በየዓመቱ ተንበርክኬ ጾም ገድፌያለሁ፣ ጎረቤት አምቻለሁ፣ ዋሽቻለሁ እያልኩ ስዘረዝር፣ ይቺን አንዷን ዘልዬ ነው የምነሳው። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፣ ስግደቱን ያቀሉልኛል። «አባ፣ ውሻ ገድያለሁ» ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር? ይስቁ ይሆን? «ልጄ፣ ለውሻ ደግሞ ምን ንስሐ አለው?» ብለው ያሰናብቱኝ ይሆን? እኔ የፈራሁት ቁጣቸውን አይደለም። ቀላል ነው እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት።

ሻሼ ትንሽ ውሻ ነበር። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ ሰውነቱ ጥቁር፣ አናቱ ብቻ ነጭ። ሻሽ ያሰረች ባልቴት ይመስላል ብሎ ስሙን ያወጣለት ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው። ወንድ ውሻ በሴት ስም መጠራቱ ጉለሌን ሁሉ ያስቅ ነበር። ቡችላው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ታደሰ ከመንገድ አንስቶ፣ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ ነው ያመጣው። እናታችን ውሻ ቤት አይገባም ብላ ከኩሽናው ጀርባ አንድ የእንጨት ሳጥን ሰጠችው። እሱም ደንቡን አከበረ፤ ደጃፍ ላይ ተኝቶ አፍንጫውን ብቻ ወደ ውስጥ ያስገባ ነበር።

መብረቅ ይፈራል፣ ድመት ይፈራል፣ ማኪና ግን አይፈራም። ያለፈ ማኪና ሁሉ የእሱን ጩኸት ፈርቶ የሸሸ ይመስለው ነበር። እናቴ ቁስቋም ማርያምን ልትሳለም ስትሄድ ዳገቱን አብሯት ወጥቶ ከቅጥሩ ውጪ ይጠብቃታል። እኔ ቀበሌ ሱቅ ዳቦ ልሰለፍ ስሄድ ደግሞ ከጎኔ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ይነሳል፣ ሲቆም ይቀመጣል። ሴቶቹ «ለእሱም የራሽን ካርድ ይውጣለት እንጂ!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እወደው ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ እንዲከብድ ነው።

ደርግ ወጣቱን ማደን በጀመረበት ዓመት ታደሰ ኮርኒስ ላይ ወጣ። ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ከየቤታቸው ሲወሰዱ፣ አንዳንዶቹም ጠዋት መንገድ ዳር ተጥለው ሲገኙ፣ እናቴ የመኝታ ቤቷን ኮርኒስ በአንድ በኩል ከፍታ፣ ከላይ ጣውላ አንጥፋ ልጇን እዚያ አስተኛችው። ለጎረቤት አጎቱ ዘንድ ጎጃም ሄዷል አልን። ከዚያ ወዲያ የእሱ ነገር በእኔ እጅ ወደቀ። ምግቡን በዘንቢል የማቀብለው እኔ፣ የሚጸዳዳበትን ባልዲ አውርጄ የምደፋው እኔ፣ ሲያስለው እንዳይሰማ ሙቀጫ አንስቼ ባዶውን የምወቅጠው እኔ። ጠዋት ማታ አንገቴ ወደ ላይ እንደተሰበረ ነበር። እሱ ደግሞ ክዳኑን ሸርተት አድርጎ ባየኝ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄው «ሻሼስ?» ነበር። በላ? ዝናብ መታው? ይፈልገኛል? አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ብሎኝ አያውቅም።

ሻሼ ታደሰ ጎጃም መሄዱን አላመነም። ደንቡን አፍርሶ ቤት መግባት ጀመረ። መኝታ ቤቱ መሀል ይቀመጥና ወደ ኮርኒሱ አንጋጦ ጭራውን ይቆላል። ስናስወጣው ተመልሶ ይመጣል፣ ስንመታውም ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃዎች ለፍተሻ ገቡ። አልጋው ተገለበጠ፣ ሣጥኑ ተበረበረ፤ ሻሼም በእግራቸው መሀል ሾልኮ ገብቶ ቦታውን ያዘ። አንደኛው ጠመንጃውን እንዳነገተ ቁልቁል አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።

«ይሄ ውሻ ምንድን ነው የሚያየው?»

«አይጥ ነዋ ልጄ!» አለች እናቴ። «ኮርኒሱን አይጥ ጨረሰው። ድመት ያስፈልገናል ብንል ይሄው ውሻው ድመት ልሁን አለ።»

ሰውየው ሳቀና ጓደኛውን ጠርቶ ወጣ። እናቴ ኮቴያቸው እስኪርቅ ቆማ ጠብቃ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። ቀሚሷ ረጥቦ ነበር።

«ነገ ጠዋት ቁስቋም አክስትሽ ጋ ውሰጂው» አለችኝ። «ይሄ ቀን እስኪያልፍ እዚያ ይቀመጥ። በሚቀጥለው አይጥ ብለን አንወጣም።»

ወሰድኩት። ፍልሰታ ነበር፤ የነሐሴ ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ዳገቱ ጭቃ ነው፣ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ውሃ ያስገባል፣ ርቦኛል። ሻሼ ከፊት ከፊቴ እየሄደ፣ ዞር ብሎ እያየኝ፣ ስዘገይ ቆሞ እየጠበቀኝ ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ። ሁሉም ነገር ሰለቸኝ። ባልዲው ሰለቸኝ፣ ሙቀጫው ሰለቸኝ፣ ፍርሃቱ ሰለቸኝ። ተመለስኩ። ለእናቴ «የአክስቴ ቤት ተቆልፏል» አልኳት። የአክስቴን ቤት ጣራውን እንኳ አላየሁም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም ቆይታችሁ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ልጅቱ ሌላ ምን አማራጭ ነበራት ልትሉ ትችላላችሁ። አማራጭ ነበረኝ። የቀረውን ዳገት መውጣት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። የመንገድ ውሻ ስለበዛ ሌሊት መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል፣ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ይሰር ተባለ። እናቴ ሻሼን ከኩሽናው ምሰሶ ጋር አሰረችው፤ ቋጠሮውን ደጋግማ እየሳበች ሞከረችው። ሲነጋጋ ነጠላዋን ተከናንባ ኪዳን ለማስደረስ ወጣች።

ፈታሁት።

እኔ ነኝ የፈታሁት። ገመዱ አልላላም፣ ሻሼ አልበጠሰውም፣ ሌላ ሰው ግቢያችን አልገባም። በእነዚህ ጣቶቼ ፈትቼ የግቢውን በር ከፈትኩለት። አልወጣም አለ። ደፉ ላይ ቆሞ ጭራውን እየቆላ ጠበቀኝ፤ ዳቦ ሰልፍ የምንሄድ መስሎታል። ወጣሁለት። እስከ መታጠፊያው አብሬው ሄድኩ፤ እሱ አንድ ነገር ሊያሸት ጎንበስ ሲል እኔ ሮጬ ተመለስኩና በሩን ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሩን ሲቧጥጥ ሰማሁት። አልከፈትኩም። የፊት ለፊታችን ሱቅ ባለቤት ሚስት፣ ወይዘሮ ዘይነባ፣ አይተውት ኖሮ ጮኹ።

«ሙሉ! ኧረ አንቺ ሙሉ! ውሻችሁ መርዝ በልቷል!»

ያኔ ከፈትኩ። ሻሼ አረፋ እየደፈቀ፣ እግሩ እየተሳሰረ በአጠገቤ አለፈ። ወደ ሳጥኑ አልሄደም። ቤት ገብቶ መኝታ ቤቱ መሀል፣ ያው ቦታው ላይ ወደቀ።

በእኛ ሰፈር መርዝ የበላ ውሻ ወተት ይጋታል፤ ቶሎ ከደረሱለት የሚተርፍ አለ። እኛ ቤት ጾም ነውና ወተት አልነበረም። ወይዘሮ ዘይነባ ሙስሊም ናቸው፣ ላምም ነበረቻቸው። በጣሳ ሞልተው እየሮጡ አመጡልኝ።

«እንቺ፣ ቶሎ ጋቺው! ልግባና አፉን ልያዝልሽ?»

«አይ እትዬ፣ እኔ እችለዋለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። ያን በር የዘጋሁት ስለ ታደሰ ፈርቼ ነው፤ እሱስ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ግን ከፍርሃት አልነበረም።

ከላይ ታደሰ በሹክሹክታ ይጠራኛል። «ሙሉ፣ ምንድን ነው? ሻሼ ነው እንዴ?»

«ሻሼ ነው። መርዝ በላ።»

«ወተት! በናትሽ ወተት ፈልጊለት!»

ጣሳው በእጄ ነው። ሻሼ ወለሉ ላይ ይንፈራገጣል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። የታደሰን ባልዲ እሱ ከላይ ወደማያይበት ጥግ ጎትቼ ወተቱን እዚያ ውስጥ ቀስ አድርጌ ቀዳሁት። ሲንቆረቆር ታደሰ ሰማ።

«እየጠጣ ነው?»

«እየጠጣ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ጠጣው።»

«ጎሽ» አለ፤ «ጎሽ የኔ ጌታ።»

ሻሼ ቶሎ አልሞተም። ታደሰ ሁሉንም ሰማ፤ መጮህ አይችል፣ መውረድ አይችል። ክዳኑን ገፋ አድርጎ እጁን ቁልቁል ዘረጋ፤ አይደርስም። ሻሼ እጁን አየው። ጭራውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መታ አደረገና በቃ፣ ሄደ። ታደሰ ከላይ ሆኖ «እግዜር ይስጥሽ፣ ሞክረሻል» አለኝ።

ለምን አደረግኩት? ለወንድሜ ሕይወት ነው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ለወንድሜ ከሆነ ታዲያ ለምን ቁስቋም አልወሰድኩትም? ለወንድሜ ከሆነ ለምን «ጠጣው» ብዬ ዋሸሁት? እውነቱን ልናገር። ወተቱን ስደፋ ያሰብኩት ስለ ጥበቃዎቹ አልነበረም። ከእንግዲህ «ሻሼስ?» አይለኝም ብዬ ነው ያሰብኩት። ቀንቼ ነው። እኔ፣ ትልቅ ልጅ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ፣ ከጉልበቴ በታች በሆነች ፍጥረት ቀናሁ። የገደልኩት ስለምጠላው አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ስለታሰበ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለው ይጠሩታል?

ሬሳውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ፣ የሞተ ውሻ ሁሉ የሚጣልበት ገደል ወስጄ ጣልኩት። እናቴ ከኪዳን ስትመለስ ባዶውን ገመድ አንስታ አየችው። «ቋጠሮዬ ላልቶ ነው» አለች። «ወይኔ ልጄን! እኔ ነኝ የገደልኩት።» ሰማኋት፤ ዝም አልኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የሻሼ ነገር በተነሳ ቁጥር ያ ቋጠሮ ይቆጫት ነበር። እኔም በተነሳ ቁጥር ዝም ስል ኖርኩ። ከመግደሌና ከዝምታዬ የትኛው እንደሚከፋ እስካሁን አላወቅኩም።

ፍተሻው ወደ ቤታችን ዳግመኛ አልመጣም። ታደሰ ወራት ቆይቶ፣ ነገሩ ረገብ ሲል ወረደ፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ እግሩ መራመድ ረስቶ፣ ግን ከነነፍሱ። ሻሼ ቢኖርም ይወርድ ነበር። ሻሼ ቢኖር ደጃፉ ላይ ተቀብሎት ያብድ ነበር።

ታደሰ ዛሬ ሽማግሌ ነው። እሑድ እሑድ እኔ ቤት ምሳ ይበላል። ለልጅ ልጆቼ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ፣ ስለ ኮርኒሱ ብዙም አይናገርም። የሚናገረው ስለ እኔ ነው። «አያታችሁ እኮ» ይላቸዋል፣ «በፍልሰታ፣ ጾም ነው ሳትል፣ እጇን በወተት ነክራ ያን ውሻ ጋተችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንደሷ ያለ አንጀት ያለው ሰው አላየሁም።» ልጆቹ መጥተው ያቅፉኛል። እኔ «ተዉኝ እንግዲህ» እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

ይቅርታ ልለምን? ማንን? ሻሼ የለም፣ እናቴም የለችም። ያለው ታደሰ ነው። ነገ እሑድ ነው፤ ይመጣል። ምሳውን ከበላ በኋላ ልጆቹን ወደ ውጪ ልኬ ይህን የጻፍኩትን አነብለታለሁ። ደርግን አልጠራም፣ ዝናቡን አልጠራም፣ ልጅነቴን አልጠራም። እኔ ነኝ እለዋለሁ። ይቅር ካለኝም አትደሰቱልኝ፤ እሱ ደግ ስለሆነ ነው እንጂ ስለሚገባኝ አይደለም። ባርኔጣውን አንስቶ ከወጣም አልከተለውም።