የወንዜ ልጆች በያቸው

የዚያችን ዓሣ የአማርኛ ስም ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ተበሳጨሁ። ሥራዬ የውጭ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ዓሣዋ የሰርዲን ዘመድ ናት፤ ትንሽ፣ ብርማ። ወንዝ ውስጥ ትፈለፈላለች፣ ገና ትንሽ ሳለች ወደ ባሕር ትወርዳለች፣ ስትጎለምስ እንቁላሏን ልትጥል ከነመንጋዋ ወደ ተወለደችበት ወንዝ ትመለሳለች። «ሄሪንግ» ብዬ ብጽፈው ማን ይገባዋል?

አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲሸጡ ኖረዋል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ግን ሥራቸው በመስኮት ማየት ብቻ ሆኗል።

«ወንዛቸውን በምን ያውቁታል?» አሉኝ።

«በውሃው ሽታ ነው ይላሉ፣ አባዬ።»

«በመሽተት ከሆነማ የእኛንም ወንዝ ማንም አይስተውም።»

ከድልድዩ ሥር የሚያልፈውን ወንዝ አፍንጫውን ሳይዝ የተሻገረ ሰው አላውቅም። ሳቅን። ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«ታዲያ ስም ምን አስቸገረሽ? የወንዜ ልጆች በያቸው።»

በእሳቸው አፍ የወንዜ ልጅ ማለት የእድራቸው ሰው ማለት ነው። እናቴን ድንኳን ተክለው፣ ንፍሮ ቀቅለው የቀበሩልን እነሱ ናቸው። አሁን አንዱ ገላን፣ አንዱ ኮዬ ተበትነዋል። አባቴ ግን የአዲሱን ሰፈር እድር እምቢ ብለው፣ በየወሩ ሁለት ታክሲ ቀይረው ለድሮው እድራቸው ፒያሳ ይሄዳሉ። ሞትን አይፈሩም። የሚፈሩት ሬሳቸውን የማያውቃቸው ሰው እንዳይሸከመው ነው።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ወንዙ ተገድቧል። ዓሣዎቹ ግንቡ ሥር ተሰብስበው ይተራመሳሉ።

«ሌላ ወንዝ አይሄዱም?» አሉ አባቴ።

«አንዳንዶቹ ይሄዳሉ።»

«የቀሩትስ?»

«እዚያው ይጠብቃሉ።»

ፊልሙን ዘጋሁት።

በቀጣዩ የእድር ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። የእድሩ ቤት የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ሽማግሌዎቹ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ ከአባቴ ጋር አምስት ቢሆኑ ነው። የእድሩ ዳኛ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። ድንኳን የሚተክል ጉልበት ያለው ሰው አልቀረም፣ ቀባሪ ቢጠራም ከዚያ ሁሉ ዳርቻ በሰዓቱ አይደርስም። ድንኳኑንና ወንበሩን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን እንበተን አሉ። አባቴ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የሁሉንም እጅ እየጨበጡ ተሰናበቱ።

ታክሲ ውስጥ ጠጋ ብዬ፣ «አባዬ፣ ነገ የሰፈራችን እድር እንመዝገብ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ «ተይው ልጄ፣» አሉ። «እንግዲህ መሞትም ቀረብኝ።»