ባለጋሪው ዳማን ሳይገዛው ሄደ

ዛሬ ጠዋት ፈረሴን ዳማን ሊገዛ የመጣውን ባለጋሪ በገዛ አፌ መለስኩት።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ዳማ ይግጥበት የነበረው ሜዳ ቤት ተሠራበት። ልጄም "አባዬ፣ ፈረሱን ይሽጡትና ገላን ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ ይግቡ" ብላ ወጥራ ይዛኛለች። መቼም ፈረስ አራተኛ ፎቅ አይወጣም።

ዝም ብዬ መሸጥ ሲገባኝ አላስቻለኝም። ዳማን እርጥብ መሬት ላይ አስኬድኩትና "እይ! የኋላ እግሩ የፊተኛውን ዱካ አልፎ ነው የሚያርፈው። ጉግስ ላይ የሚደርስበት አልነበረም" አልኩት ባለጋሪውን።

ሰውየው የዳማን ትከሻ ዳሰሰ።

"አባባ፣ እንዲህ የሚዘረጋው ትከሻው ወደ ኋላ ጋደል ስላለ፣ እግሩም ስለረዘመ ነው። ለጋሪ የሚሆነኝ ትከሻው ቀጥ ያለ፣ አጠር ደልደል ያለ ነው። ይሄን ብጠምደው ጠፍሩ ይልጠዋል። እርስዎ ሲያሞግሱት እኔ አዘንኩለት።"

ብሎኝ ሄደ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት በር ስከፍት ድምፅ የሚያሰማኝ ዳማ ብቻ ነው። ለልጄ ደውዬ "አልመጣም፤ ድርቆሽ እየገዛሁለት እዚሁ እኖራለሁ" አልኳት። አኩርፋለች።

እናንተስ፣ ልትሸጡት አውጥታችሁ ይዛችሁት የተመለሳችሁት እንስሳ አለ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ።